ሥዕሉን ያየ ሰው አለ?

የድሮ ሥዕል ሰብሳቢን ከተራ ገዢ ለመለየት ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ተራ ሰው ሥዕል ሲሰጡት ፊቱን ያያል፤ ሰብሳቢ ግን ገልብጦ ጀርባውን ያያል።

ቅዳሜ ጧት ለንደን ውስጥ ፖርቶቤሎ መንገድ ላይ የዋለ፣ ወይም ከቻሪንግ ክሮስ መንገድ ታጥፎ ሴሲል ኮርት በምትባለው የመጽሐፍ ነጋዴዎች መተላለፊያ ያለፈ ሰው ይህን ይመሰክርልኛል። ሰውየው ከሳጥን ውስጥ አንድ ሉህ ይመዛል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ተቀርጾ የታተመ፣ በእጅ ቀለም የተቀባ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ምናልባት መርከብ እየሰጠመ፣ ተሳፋሪው እየጮኸ ይሆናል። እሱ ምን ገዶት! ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሣል፣ ይገለብጣል፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፣ ሰው ያላየው ሲመስለው ደግሞ ያሸታል። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ያወጣና የምትሰጥመውን መርከብ ትቶ ባሕሩ ጥግ ላይ ያለችውን ቡናማ ነጠብጣብ ሲመረምር ይቆያል። በመጨረሻ «ዳር ዳሩ ተከርክሟል» ብሎ ራሱን ይነቀንቅና ሉሁን ወደ ሳጥኑ ይመልሰዋል። ተሳፋሪዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ይሰጥማሉ።

ለማያውቀው ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ነግሣለች። በዚያ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ፎቶግራፍን እንዳለ ወደ ጋዜጣ ገጽ ማሳለፍ የሚቻልበት መላ ስላልነበረ፣ ሥዕል የፈለገ አሳታሚ ቀራጺ መቅጠር ግድ ይሆንበት ነበር። ቀራጺው ሥዕሉን በመዳብ፣ በብረት ወይም በጠንካራ እንጨት ላይ ይቀርጻል፤ ሰሌዳው ቀለም ይጠጣል፤ ወረቀት ይጫንበታል። ከማተሚያው የሚወጣው በአመዛኙ ጥቁርና ነጭ ነው። ሌላ ቀለም ያሻው አብዛኛውን ጊዜ ብሩሽ የያዘ ሰው አስቀምጦ እያንዳንዱን ቅጂ አንድ በአንድ ማስቀባት ነበረበት።

ከመዳብ የታተመ ሥዕል ዙሪያውን የሰሌዳው ጠርዝ ተጭኖት ያለፈ ስርጉድ መስመር ይኖረዋል። የሰብሳቢው ጣት የሚዳስሰው ይህችኑ ነው። ከእንጨት የታተመው ግን ይህ ምልክት ድሮም የለውም። ይህን ያልሰማ ጀማሪ አንዱን የጋዜጣ ገጽ ዳብሶ ዳብሶ መስመሯን ሲያጣት «ፎርጅድ ነው!» እያለ ነጋዴውን በሰው ፊት ያሸማቅቀዋል። ነጋዴው ግን ለምዶታል፤ ፈገግ ብሎ ሌላ ሉህ ያቀብለዋል።

እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። የእነዚህን ሥዕሎች ታሪክ ከሥራቸው እስከ ገዢያቸው ቢከታተሉት፣ ሥዕሉን ሙሉውን ያየ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው።

በ1842 ኸርበርት ኢንግራም የተባለ ሰው ለንደን ላይ ያቋቋመውን ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ እንውሰድ። የመጀመሪያው እትም በ16 ገጽ 32 ሥዕሎች ይዞ በ6 ፔኒ ተሸጠ። ዜና እንደ ወይን ቢያስቀምጡት አይጥምም፤ ትልቁን ሥዕል አንድ ቀራጺ እስኪጨርሰው ድረስ ጦርነቱ ሊያልቅ ይችላል። ደግሞም ለቅርጽ የሚመረጠው ቦክስዉድ የሚባለው እንጨት ጥንካሬው ለጉድ ቢሆንም ግንዱ ቀጭን ነው፤ ሰፊ ሰሌዳ አይወጣውም። ስለዚህ ትንንሽ ቁራጮች በብሎን እየተጋጠሙ አንድ ሰሌዳ ይሠራሉ። ሠዓሊው ሥዕሉን በላዩ ሲጨርስ ብሎኑ ይፈታና ቁራጮቹ ለየቀራጺው ይታደላሉ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ የፈረስ ጭንቅላት ሲቀርጽ ያድራል፤ ሌላው የዚያኑ ፈረስ ዳሌ ይዞ ያድራል። የጭንቅላቱ ሰው ፈረሱን ማን እንደተቀመጠበት አያውቅም። የዳሌውም ሰው የፈረስ ይሁን የበቅሎ ማወቁ ያጠራጥራል። ሲነጋ ቁራጮቹ እንደገና ይታሰራሉ፤ አለቅየው መጋጠሚያውን ያስተካክልና ሥራው ወደ ማተሚያው ይሄዳል።

አንዳንዴ መጋጠሚያው በደንብ ያልገጠመ እንደሆነ ሰማዩን ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቅ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ዛሬ ሰብሳቢው ያቺን መስመር ሲያገኝ የሚሰማው ደስታ በሠርጉም ቀን አልተሰማውም። ጓደኞቹን ጠርቶ ያሳያል። ከመስመሯ በታች ስንት ሺህ ሰው እንደሚዋጋ ብትጠይቁት «የት?» ነው የሚላችሁ።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ ደግሞ ይብሳል። የሥዕል ቀለም ቅብ በዚያ ዘመን በአመዛኙ የሴቶችና የልጆች ሥራ ነበር። ረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ይይዛሉ፤ ሉሁ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ከባሕር ማዶ ፊላደልፊያ ላይ ይታተም የነበረው ጎዴይስ ሌዲስ ቡክ የተባለው የሴቶች መጽሔት፣ የፋሽን ሥዕሎቹን ለማስቀባት ብቻ 150 ያህል ሴቶች ያሠራ ነበር ይባላል። ሰማያዊ የያዘችው ሰማይ፣ ሪባንና ጃንጥላ እየቀባች ትውላለች። ቀይ የያዘችው ከንፈር ስትቀባ ትውላለች፤ የከንፈሩን ባለቤት ቀና ብላ ለማየት ጊዜ የላትም። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ በአንዱ ቅጂ ሰማያዊ የሆነው ቀሚስ በሌላው ሮዝ ሆኖ ይገኛል። ፊላደልፊያ ያለችው እመቤትና ቺካጎ ያለችው እህቷ የዘመኑ ቀለም የትኛው እንደሆነ በደብዳቤ ቢጨቃጨቁ ማን ይፈርድባቸዋል?

ቀለም ዋጋ እንደሚያንር ያኔም ይታወቅ ነበር። ለንደን ውስጥ ለልጆች የወረቀት ቲያትር የሚታተሙት ገጸ ባሕርያት ጥቁርና ነጩ በ1 ፔኒ፣ ቀለም የተቀባው በ2 ፔኒ ይሸጡ ነበር። የዛሬው ነጋዴ ይህን ሂሳብ አልረሳም። መጋዘኑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ የሚያየው ያጣ የቪክቶሪያ ዘመን ሉህ ተከምሯል። በሌላ በኩል የውሃ ቀለም የምትወድ የእህት ልጅ አለችው። የቀረውን እናንተው ጨርሱት።

ዊልያም ሄንሪ ባርትሌት የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነበር፤ ከአሜሪካ እስከ ቅድስት ሀገር እየዞረ ስሎ በ1854 ሞተ። በሥዕሎቹ ላይ ተመሥርተው በብረት ሰሌዳ የተቀረጹት ኅትመቶች አብዛኞቹ የወጡት ቀለም ሳይነካቸው ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ብታዩአቸው ግን ተራራው ሁሉ ሐምራዊ፣ ጀምበሯ ሁሉ ሮዝ ሆናለች። ሐቀኛው ነጋዴ ከሥሩ «ከጊዜ በኋላ በእጅ የተቀባ» ብሎ በደቃቅ ፊደል ይጽፋል፤ ከጊዜ በኋላ የተባለው ጊዜ ያለፈው ፋሲካ ሊሆን እንደሚችል ግን ገዢው አይጠይቅም። ቤቱ ወስዶ ለእንግዳ የሚያስተዋውቀው «የቪክቶሪያ ዘመን፣ በእጅ የተቀባ» እያለ ነው። ኅትመቱ የቪክቶሪያ ዘመን ነው፣ እውነት ነው። በእጅ ተቀብቷል፣ እሱም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች ለየብቻ ጨዋ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ይዋሻሉ። የእጅ ቅብ መሆን ደግሞ በራሱ የእርጅና ምስክር አይደለም። ከርቲስስ ቦታኒካል ማጋዚን የሚባለው በ1787 የተጀመረ የዕፀዋት መጽሔት ሥዕሎቹን በእጅ ማስቀባት ያቆመው በ1948 ነው፤ ቪክቶሪያ ካረፈች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሥዕሎቹ ከየት እንደሚመጡ እንይ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የተወለዱ አይደሉም፤ የመጽሐፍ ገጾች ነበሩ። ነጋዴው 60 ሥዕል ያለበት የጉዞ መጽሐፍ ሲያገኝ፣ መጽሐፉን እንዳለ ቢሸጥ አንድ ገዢ፣ ቢገነጥለው ግን 60 ገዢ እንደሚያገኝ ያውቃል። ስለዚህ መጽሐፉ እንደ ፋሲካ በሬ ቅርጫ ይገባል። ጎድኑ ለአንዱ፣ ሽንጡ ለሌላው፣ ምላሱ በትእዛዝ ለሚወስደው ይመደባል፤ ጽሑፉ እንደ ፈርስ ይጣላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን ለማግኘት ሀገር የሚያስሰው ደግሞ ያው ሰብሳቢ ነው፤ «የዛሬ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው መጽሐፍ የሚቀድዱት?» እያለ ያማርራል። ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለችው ብልት ከየትኛው በሬ እንደወጣች አይጠይቅም።

ይህ አመል አዲስ አይደለም። ጄምስ ግሬንጀር የሚባሉ ቄስ በ1769 ስለ እንግሊዝ ታዋቂ ሰዎች አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። አንባቢዎች ከሌላ መጽሐፍ የሰዎቹን ምስል እየገነጠሉ እሳቸው መጽሐፍ ውስጥ መለጠፍ ጀመሩ፤ ድርጊቱ በስማቸው እስኪጠራ ድረስ ወረርሽኝ ሆነ። በቪክቶሪያ ዘመን አንድ ለንደናዊ ጥቂት ጥራዝ የነበረ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ሥዕል ሲጨምርበት፣ ሲጨምርበት 60 ጥራዝ አደረሰው። ዛሬ ካሊፎርኒያ ሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ሰውየው ዘፍጥረትን ጨርሶ ዘጸአት ለመግባት ስንት መደርደሪያ ማለፍ እንደነበረበት አስቡት። ቃሉን ለማንበብ ጊዜ የተረፈው አይመስለኝም።

የተገዛው ሥዕል ቤት ሲደርስ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል። ፍሬም ሠሪው ጋ ይኬዳል። ካርቶኑ አሲድ የሌለው መሆን አለበት፤ ካልሆነ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። መስታወቱ የፀሐይን ጨረር የሚከላከል መሆን አለበት። ለፍሬሙ የሚከፈለው ለሥዕሉ ከተከፈለው ሲበልጥ ሰብሳቢው አይደነግጥም፤ ሚስቱ ናት የምትደነግጠው፣ ለእሷም ቢሆን የሚነገራት የአንዱ ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ የት ይሰቀል? ሳሎን ፀሐይ ይገባል፤ የውሃ ቀለም ደግሞ በፀሐይ ይነጣል። ማእድ ቤት እንፋሎት አለ። መኝታ ቤቱ ግድግዳ እርጥበት ያወጣል። ዞሮ ዞሮ ሥዕሉ መስኮት የሌለው ኮሪደር ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ የሚያየው ቢኖር ተጣድፎ የሚያልፍ እንግዳ ነው፤ እሱም በሚመለስበት ጊዜ፣ ልቡ ሲረጋ።

ሳሎን የሚሰቅሉም አሉ፤ እነሱ ግን የሚገዙት ለሶፋው ነው። «አረንጓዴ ያለባቸው፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ ስድስት ወፎች አሉዎት?» ይላሉ። ወፉ ንሥር ይሁን ድንቢጥ አይገዳቸውም፤ ከመጋረጃው ጋር ይሂድ እንጂ። ኦዱቦን የተባለው የወፍ ሠዓሊ ከ1827 እስከ 1838 ድረስ 435 የሰሜን አሜሪካ ወፍ ሥዕሎች በመጽሐፍ ሲያሳትም ዱር ለዱር የዞረበት ዕድሜ፣ ዛሬ የትራስ ልብስ ምርጫ ይፈርድበታል። በነገራችን ላይ የዚሁ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ቅጂ በ2010 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቷል። ገዢው ገጽ በገጽ አይቶት ከሆነ ጎሽ!

ሐቁን ለመናገር፣ ሰብሳቢዎቹ ባይኖሩ ይህ ሁሉ ወረቀት ዓሣ ተጠቅልሎበት፣ ምድጃ ተለኩሶበት ባለቀ ነበር። ሊጠፋ የነበረውን ጠብቀውልናል። የሚገርመው የጠበቁትን አለማየታቸው ነው።

እኛስ? እኛም አልቀረንም። በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አምባ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ያ ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የክራይሚያን ጦርነት በመሳል ስሙ የገነነውን ዊልያም ሲምፕሰንን ልኮ ነበር። ስለዚህ የተራሮቻችን፣ የገበያዎቻችን፣ የጦር ሰፈሩ ሥዕል በብዛት ታተመ። ከሜዳው የተሳለው ንድፍ በመርከብ ለንደን ይደርሳል፤ እዚያ ኢትዮጵያን በሕልማቸው እንኳ ያላዩ ቀራጺዎች ቁራጭ ቁራጩን ይከፋፈሉታል። አንዱ ግማሽ አምባ፣ ሌላው ግማሽ ጋሻ ይደርሰዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም፤ ስለዚህ የአውሮፓ ቀራጺ ሁሉ እንዳሰኘው ፊት ሰጣቸው። ሦስት የተለያዩ ጋዜጦች ብታሰልፉ ሦስት ንጉሥ ታገኛላችሁ፤ ሦስቱ በመንገድ ቢገናኙ ሰላምታ አይሰጣጡም።

ዛሬ እነዚህን ገጾች ለንደንና ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ይገዛቸዋል፤ መግዛቱም ደግ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ከመቅደላ የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ወጣ። ከጦሩ ጋር የዘመተው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ኪሱ ከሌላው ሁሉ የከበደ ተጫራች ነበር። ከመቅደላ የተወሰዱ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አሉ። እንግዲህ ዕቃው እዚያ ተቀምጦ፣ ዕቃው የተወሰደበትን ዘመቻ ሥዕል እኛ በፓውንድ እየገዛን ሳሎናችን እንሰቅላለን። አንድ ጨረታ ሁለት ጊዜ ማትረፉ አያስደንቅም?

አንድ የለንደን ወዳጄ ከእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ግድግዳ ሙሉ አለው። እንግዳ ሲመጣ ያስጎበኛል፦ የታተመበትን ዓመት፣ የጥራዙን ቁጥር፣ የገጹን ቁጥር፣ የነጋዴውን የመጀመሪያ ዋጋና እሱ ተከራክሮ ያስቀነሰውን። እንግዳውም የሚጠይቀው አይጠፋውም፤ «ዛሬ ብትሸጠው ስንት ያወጣልሃል?» ይላል። በዚህ ሁኔታ ስንት ቡና ተፈልቶ ስንት ጀበና ተደፋ።

ባለፈው ዓመት ሚስቱ ስትወልድ አክስቱ ሊያርሷት ከጎንደር መጡ። እትዬ ፈረንጅ አፍ አያውቁም፤ ቴሌቪዥኑ አይገባቸውም፤ ሕፃኑን አቅፈው እያባበሉ ከግድግዳው ፊት መቆም ለመዱ። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ወዳጄ ከሁሉ አብልጦ ወደሚኮራበት፣ ከሥሩ «የመኳንንት ግብዣ» የሚል ወደተጻፈበት ሉህ እያመለከቱ ጠየቁ።

«ልጄ፣ እነዚህ ማን ሞቶባቸው ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ግብዣ ነው! ይኸው ተጽፏል።»

«ታዲያ ኩታውን ሁሉም ምን አዘቅዝቆ አስለበሳቸው? ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገታቸው ሥር ነው ያለው። ይኸ ለቅሶ ነው እንጂ ግብዣ አይደለም።»

ቀና ብለን አየን። እውነታቸውን ነው። ቀይ ብሩሽ የያዘው እጅ ጥለቱን ያሰመረው ያለ ቦታው ነበር።

«ደግሞ» አሉ እትዬ፣ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻቸው እያዛወሩ፣ «እንጀራው ለምን ቢጫ ሆነ? ይቺ ቆማ የምትቀዳውስ፣ ብርሌው ሞልቶ እየፈሰሰ ዓይኗን የት ጥላው ነው? ያ ከበስተኋላ ያለው ሰው ደግሞ አይበላም፤ ተጣልቷል መሰለኝ።»

በዚያ ቤት ሥዕሉ ከተሰቀለ ጀምሮ ስለ ሥዕሉ ሲወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የተጣላውን ሰው እኔም አየሁት፤ አኩርፎ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሳያየው ተቀምጧል። ወዳጄ ግን ወንበሩን ስቦ አልተጠጋም። እጁ ስልኩ ላይ ነበረ፤ የጥለት ስሕተት ያለባቸው ቅጂዎች ብርቅ ተብለው ከሌላው ይበልጥ ይሸጡ እንደሆነ ነጋዴውን በጽሑፍ ይጠይቃል።